የሚሰጥም ሰው አይጮህም፦ የመዋኛ ገንዳ ላይፍጋርዶችን ለሚያሠለጥኑና ለሚመዝኑ

ይህ ጽሑፍ የሆቴል፣ የክለብ ወይም የትምህርት ቤት መዋኛ ገንዳ ኃላፊነት ለተሰጠዎ ለእርስዎ ነው። የዋና አሠልጣኝ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዋና የማይችሉ ሥራ አስኪያጅም ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ያለው አብዛኛው ነገር ሰዓት መቁጠሪያ፣ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ላለው ሁሉ የሚቻል ነው።

ላይፍጋርድ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዋና ይችላል ወይ?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። አንድ ላይፍጋርድ ሰው ለማውጣት አንድም ጊዜ ውሃ ሳይገባ ዓመቱን ሊከርም ይችላል። ማየት ግን ከፈረቃው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በየደቂቃው የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ከሥልጠና ሰዓትዎ ትልቁን ድርሻ፣ ከፈተናዎም ከባዱን ክፍል ለማየት ይስጡ። ቀጥሎ ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የተሰደሩት ይህን ይዘው ነው።

መጀመሪያ ገንዳውን ይመርምሩ

ሠልጣኞችን ከመጥራትዎ በፊት ላይፍጋርዱ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ራስዎ ይቀመጡ፤ አንድ ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ሌላ ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። ጠዋት ጥርት ብሎ የታየዎት ወለል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው ላይ በሚፈጠረው ነጸብራቅ ከዓይንዎ ሊሰወር ይችላል። ከዚያ አንድ ሰው በሕፃን ቁመት የተሠራና የሚሰጥም አሻንጉሊት ይዞ ወለሉ ላይ ከጥግ ጥግ ያዘዋውርልዎ። የማይታይዎትን ቦታ ሁሉ በገንዳው ንድፍ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ከመሰላሉ ሥር፣ ከወንበሩ እግር አጠገብ፣ ፏፏቴ ካለም ከፏፏቴው በታች ያለው ውሃ ብዙውን ጊዜ የተሸሸገ ነው። ይህ ንድፍ ለሠልጣኞች የሚሰጡት የመጀመሪያው ትምህርት ይሆናል።

ውሃው ደፍርሶ የጥልቁ ጫፍ ወለል ካልታየ ገንዳው ይዘጋል። ፊልተሩ ተበላሽቶ፣ ክሎሪኑ አንሶ ወይም በበዓል ቀን ሰው በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን በማይታይ ውሃ ላይ ላይፍጋርድ ማስቀመጥ ማንንም አያድንም። እንደ ሶደሬና ወንዶ ገነት ባሉ የፍል ውሃ ገንዳዎችም በቀዝቃዛ ማለዳ የሚነሣው እንፋሎት ዓይንን ሊጋርድ ስለሚችል በዚያም ሰዓት ያው ሕግ ይሠራል።

ቀጥሎ ርቀቱን ይለኩ። በአሜሪካ የጄፍ ኤሊስ ድርጅት ያስለመደው የ10/20 ደንብ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ላይፍጋርዱ የሚጠብቀውን ክልል በሙሉ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቃኝቶ አደጋውን መለየት፣ ከዚያም በ20 ሰከንድ ውስጥ ሰውየው ጋ መድረስ አለበት። ከወንበሩ ተነሥቶ የክልሉ መጨረሻ ጥልቅ ቦታ ወለል ድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት ይያዙ። ከ20 ሰከንድ ካለፈ ሁለተኛ ወንበርና ሁለተኛ ሰው ያስፈልግዎታል። በዚህ ጊዜ ለሥልጠና የያዙትን ገንዘብ ከፊሉን ለቅጥር ማዋል ይሻላል።

ዕቃዎቹን በዚያው ቀን ያሟሉ፦ ረጅም ዘንግ፣ ገመድ የታሰረበት ተንሳፋፊ ቀለበት፣ ላይፍጋርዱ ከትከሻው የማያወርደው ቀይ የማዳኛ ተንሳፋፊ፣ ለአከርካሪ ጉዳት የሚሆን ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ትንፋሽ ለመስጠት የሚያገለግል ጭምብል፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፉ። አምቡላንሱ በየትኛው በር እንደሚገባ የጥበቃ ሠራተኛው ዛሬውኑ ይወቅ።

ማንን ይቀበላሉ?

የሌሎች አገሮችን መግቢያ መስፈርት መዋስ ነውር የለበትም። የብሪታንያው ሮያል ላይፍ ሴቪንግ ሶሳይቲ ዕድሜው 16 የሞላ ሠልጣኝ 50 ሜትር ከ60 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንዲዋኝ፣ 100 ሜትር በደረቱና በጀርባው ሳያቋርጥ እንዲሄድ፣ ጥልቁ ላይ 30 ሰከንድ ባለበት እንዲንሳፈፍ፣ ወለሉ ድረስ እንዲጠልቅና ያለ መሰላል እንዲወጣ ይጠይቃል። የአሜሪካ ቀይ መስቀል መግቢያ ፈተና ደግሞ 4.5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ጡብ ከወለል አንሥቶ በሁለት እጅ ደረት ላይ ይዞ መመለስን ያካትታል፤ ዋናውም መጥለቁም ተደምሮ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ 50 ሜትሩ ከዝቅተኛ ቦታ ይልቅ እዚህ ይከብዳል። ፈታኞች በዚህ ምክንያት «አምስት ሰከንድ እንጨምርለት» ሊሉ ይችላሉ። አይጨምሩ። የሚሰጥመው ሰው ከፍታውን አስቦ ጊዜ አይጨምርልንም። ይልቅ ለሠልጣኙ ሁለትና ሦስት ሳምንት የመለማመጃ ጊዜ ይስጡት። በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በአርባ ምንጭ ሐይቅ ዳር ያደጉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ጠንካራ ናቸው፤ አንገትን ቀና አድርጎ መዋኘት የለመደውን ግን ፊቱን ውሃ ውስጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ገልጦ ወለል መፈለግን ከመጀመሪያው ያስተምሩት።

የዓይን ምርመራ አይዝለሉ። መነጽር የሚያደርግ ከሆነ ያለ መነጽሩ ወለሉ ላይ ያለውን አሻንጉሊት ያያል ወይ? ሴት ላይፍጋርዶችንም ይመልምሉ፤ ለሴት ደንበኞችና ለእናቶች የሚቀልለው እነርሱን ማነጋገር ነው።

ዓይንን ማሠልጠን

ፍራንክ ፒያ በኒው ዮርክ ኦርቻርድ ቢች ላይፍጋርድ ነበር። እውነተኛ የማዳን ሥራዎችን በካሜራ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ፊልም ያሳየው ነገር ይህን ሙያ ለውጦታል፤ የሚሰጥም ሰው አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። ለመጮህ መጀመሪያ መተንፈስ ያስፈልጋል፤ የሰውየው አፍ ግን ከውሃው ብቅ የሚለው አየር ለመሳብ እንኳ በቂ ላልሆነ ቅጽበት ነው። እጆቹም በደመ ነፍስ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ መሰላል ለመውጣት የሚታገል ሰው ይመስላል። እግሩ አይገፋም፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ነው።

ይህን ለሠልጣኞች በቃል ነግረው አይለፉ፤ ያሠሩት። አሥር ሰው ውሃ ውስጥ አስገብተው እንዲጫወቱ ያድርጉ፤ ለአንዱ ብቻ በምስጢር «አሁን» ብለው ምልክት ይስጡትና ድምፅ ሳያሰማ ምልክቶቹን ያሳይ። ወንበሩ ላይ ያለው ሠልጣኝ በስንት ሰከንድ እንደለየው ይመዝግቡ። ከዚያ ምልክቱን ለሚጮህና ለሚያንቦጫርቅ ልጅ ይስጡት፤ ሠልጣኙ ዓይኑ ወደ ጫጫታው ሲሳብ ራሱ ያየዋል። የሚያንቦጫርቀው አየር አለው። ዝም ያለው ነው የሚያሳስበው።

ሁለተኛው ልምምድ ቀላል ቢመስልም ብዙዎችን ይጥላል። ሠልጣኙን ገንዳውን ለአንድ ደቂቃ እንዲመለከት ያድርጉ፤ ከዚያ ፊቱን አዙረው ይጠይቁት። ስንት ሰው አለ? ከሁሉም ዋና የማይችለው የትኛው ነው? ጠርዙን ይዞ ወደ ጥልቁ ሲሄድ የነበረው ሰውዬ አሁን የት ደርሷል? በመጀመሪያው ቀን የሚመልስ ጥቂት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ አብዛኛው ይመልሳል፤ የማየት ችሎታ እንደሚሠለጥን የሚያረጋግጥልዎም ይህ ነው። ቅኝቱ ሁልጊዜ ከወለሉ ይጀምር፤ ቀጥሎ መካከሉ፣ ከዚያ ላይኛው ውሃ። ከወንበሩ ሥር ያለውን ውሃ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ማየትም የቅኝቱ አካል ነው።

ሳይታገል የሚሰጥምም አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ልቡ የታመመ፣ መጠጥ የጠጣ ሰው ያለ ምንም ምልክት ሊወርድ ይችላል። በተለይ ትንፋሽ ይዞ የመቆየት ውድድር የሚያደርጉ ወጣቶችን ይከታተሉ። ከመጥለቃቸው በፊት ቶሎ ቶሎ በጥልቀት ሲተነፍሱ በደማቸው ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ «ተንፍስ» ብሎ የሚያስጨንቀን እርሱ ስለሆነ፣ ጭንቀቱ ሳይመጣ ኦክስጅናቸው አልቆ ራሳቸውን ይስታሉ። በዚህ መንገድ የሚሞቱት ጎበዝ ዋናተኞች ናቸው። ውድድሩን በገንዳዎ ይከልክሉ፤ ሠልጣኞችም ለምን እንደተከለከለ ለደንበኛ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አብዛኛው በወንዝ፣ በሐይቅና በኩሬ የሚደርስ ነው። ለገንዳ ግን አንድ ትምህርት አለው፤ ወደ እኛ ገንዳ ከሚመጣው ሰው ብዙው ዋና አልተማረም። ፎቶ ለመነሣት የሚገባው ጎልማሳ፣ ወለሉ በድንገት የሚያዘቀዝቅበትን መስመር ሳያውቅ ጠርዙን ለቅቆ የሚራመደው፣ በተነፋ ጎማ ላይ ተቀምጦ ወደ ጥልቁ የሚንሳፈፈው ሕፃን፣ ወላጁ ስልክ ላይ ሳለ ታላላቆቹን የሚከተለው ታናሽ፤ ሠልጣኙ ገና ከልብስ መቀየሪያው ሲወጡ እነዚህን መለየት ይልመድ። መዘቅዘቂያው ላይ ገመድ ይዘርጉ፤ ጥልቀቱንም በሜትር ይጻፉበት።

ዓይን ይደክማል። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት ራዳር እንደሚከታተሉ ሰዎች ረጅም ሰዓት እንዲያዩ የተደረጉ ተሳታፊዎች በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምልክቶችን መሳት እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ስለዚህ ቦታ መቀያየር በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ይሁን። ርክክቡም ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ ተረካቢው ገንዳውን ቃኝቶ «ያዝኩት» እስኪል ድረስ አስረካቢው ዓይኑን ከውሃው አያነሣም።

ለሥራ አስኪያጆች በግልጽ መናገር የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በብዙ ሆቴሎች ላይፍጋርዱ ፎጣ ያድላል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ በዚያው ሰዓት ልጆችን ዋና ያስተምራል። ይህ ሰው እየጠበቀ አይደለም። ምንም ያህል ቢያሠለጥኑት ፎጣ ሲቆጥር ወለሉን ማየት አይችልም። ጥበቃ ላይ ያለ ሰው ጥበቃ ብቻ ይሥራ፤ ስልኩም መሳቢያ ውስጥ ይሁን። በክረምት የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆች ለዋና ትምህርት ሲጎርፉ አስተማሪው ሌላ፣ ጠባቂው ሌላ መሆን አለበት።

ፊሽካና አንደበት

በብሪታንያ የተለመደው የፊሽካ ሥርዓት ለማስታወስ ቀላል ነው። አንድ አጭር ዋናተኛን ለመጥራት፣ ሁለት አጭር ሌላ ላይፍጋርድን ለመጥራት፣ ሦስት አጭር «ለማዳን ልገባ ነው» ለማለት፣ አንድ ረጅም ሁሉም ከውሃ እንዲወጣ። የመረጡትን ሥርዓት አስተናጋጁም ጥበቃውም ይማረው።

ከፊሽካው ይልቅ የሚከብደው አንደበቱ ነው። የ20 ዓመት ወጣት በአባቱ ዕድሜ ያለን ሰው መከልከል ያፍራል። በመሆኑም በሥልጠናው ውስጥ ያናግሩት፤ እርስዎ አስቸጋሪውን ደንበኛ ሆነው ይጫወቱ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከገመዱ ወዲህ ይሁኑልኝ፤ እዚያ ጥልቅ ነው።» አክብሮቱ አለ፣ ምክንያቱ አለ፣ ትእዛዙም አለ። ደንበኛው ካልሰማና ከተቆጣ ሥራ አስኪያጁ ከላይፍጋርዱ ጎን ይቆማል። አንድ ጊዜ በደንበኛ ፊት የተዋረደ ላይፍጋርድ ፊሽካውን ደግሞ ለመንፋት ያመነታል።

ወደ ውሃ መግባት

ቅደም ተከተሉን በቃላቸው ይያዙት፤ መናገር፣ ዘንግ መዘርጋት፣ ቀለበት መወርወር፣ ጥልቀቱ ከፈቀደ በእግር መግባት፣ መጨረሻ ላይ መዋኘት። ሲዋኝም ተንሳፋፊውን በራሱና በሚሰጥመው ሰው መካከል ያደርጋል። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ይጨብጣል፤ ከተጨበጠ ላይፍጋርዱ ወደ ታች ይጥለቅ፤ ሰውየው የሚፈልገው ወደ ላይ ስለሆነ ይለቀዋል። ይህን እርስ በርሳቸው፣ በኋላም ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር ይለማመዱ።

ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ በጭንቅላቱ ዘልሎ የገባን ሰው አንገቱ እንደተጎዳ አድርጎ መያዝ ያሻል። በክንዱ ጎትቶ ማውጣት የለም፤ ራሱንና ግንዱን በአንድ መስመር ይዞ ፊቱን ወደ ላይ ማዞር፣ ከዚያ በሰሌዳው ማውጣት። የማይተነፍስ ከሆነ ግን ትንፋሹ ይቀድማልና በፍጥነት ይወጣል።

ከውሃው ከወጣ በኋላ

የሰጠመን ሰው ቁልቁል ይዞ ማራገፍ ወይም ሆዱን ተጭኖ ውሃ ማስወጣት በብዙ ቦታ የኖረ ልማድ ነው። ሠልጣኞችዎ በየሰፈራቸው አይተውት ሊሆን ስለሚችል በግልጽ ያንሡትና ያስተዉት። ሆድ ሲጫኑ የሚወጣው የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ትንፋሽ የሚሰጥበት ጊዜ ይባክናል።

ልቡ የቆመው ኦክስጅን በማጣቱ ስለሆነ ትንፋሽ ይቀድማል። የአውሮፓው መመሪያ 5 ትንፋሽ ሰጥቶ፣ ከዚያ 30 ጊዜ ደረት መጫንና 2 ትንፋሽ እያፈራረቁ መቀጠል ይላል፤ አሜሪካኖቹ በ2 ትንፋሽ ይጀምራሉ። አንዱን ይምረጡና ሁሉም በዚያው ይሠልጥኑ። የደረት ግፊቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር። ከአፉ አረፋ ሊወጣ ይችላል፤ አረፋውን ለመጥረግ አይቆሙ፣ ትንፋሹን ይቀጥሉ። ያለ ማሠልጠኛ አሻንጉሊት ይህን ማስተማር አይቻልምና ከሌለዎት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ከሚሰጠው ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ጋር ይነጋገሩ። የነቃውም ሰው፣ ውሃ ወደ ሳንባው ከገባ፣ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹ ሊከብድ ይችላል።

ምዘናው

ያሠለጠነ ሰው የራሱን ሠልጣኞች አይፈትን። ከሌላ ገንዳ አንድ ልምድ ያለው ሰው ይጋብዙ፤ እርስዎም የእርሱን ይፈትኑለት። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ ከባድ ነው። «እናቱን የሚጦር ልጅ ነው»፣ «የእገሌ ወንድም ነው» የሚለው ሐሳብ እርሳሱን ይይዛል። ይህን የሚቋቋሙት መስፈርቱን ከፈተናው በፊት ጽፈው ለሁሉም ካሳዩ፣ ለወደቀውም ሰው ምክንያቱንና ድጋሚ የሚፈተንበትን ቀን በጽሑፍ ከሰጡት ነው።

ክህሎቶቹን ነጣጥለው አይፈትኑ፤ በአንድ ትንፋሽ ያያይዟቸው። ሠልጣኙ ወንበሩ ላይ ነው። አሻንጉሊቱ ይሰጥማል። ያያል፣ ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ ይገባል፣ ከወለል ያወጣል፣ ይጎትታል፣ በባልደረባው ዕርዳታ ጠርዝ ላይ ያወጣዋል፣ እያለከለከ ትንፋሽ ይሰጣል፣ ደረት ይጫናል። ከዋናው በኋላ አቅሙ ተሟጥጦ ለአራት ደቂቃ ያህል በትክክለኛው ፍጥነት መጫን ካልቻለ ብቃቱ ገና ነው። ሁለት ጊዜዎችን ይመዝግቡ፤ አሻንጉሊቱ ከሰጠመበት እስከ ፊሽካው፣ ከፊሽካው እስከ መጀመሪያው ትንፋሽ።

ነጥብ ደምረው አማካይ አያውጡ። ሳያይ የቀረ፣ ሳይነፋ የገባ፣ ትንፋሽ የረሳ፣ ወይም ክልሉን ለማንም ሳያስረክብ የሄደ ሠልጣኝ ዋናው ምንም ያህል ቢያምር ወድቋል።

ሁለተኛው ምዘና ያልተነገረ ነው። በአንድ ተራ የሥራ ቀን፣ ሰው ገንዳው ውስጥ እያለ፣ የሚሰጥመውን አሻንጉሊት በዝግታ ያስገቡና ሰዓት ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በሆነና በአሜሪካ ከ90 በላይ ገንዳዎች ላይ ከ500 ጊዜ በላይ በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ላይፍጋርዶች አሻንጉሊቱን ለማየት በአማካይ 1 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ወስዶባቸዋል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ያዩት ከመቶ 9 ብቻ ነበሩ። የሠለጠኑ፣ ሰርተፍኬት የያዙ ሰዎች ናቸው። ሙከራውን ሲያደርጉ ጥበቃው እንዳይጓደል ሌላ ላይፍጋርድ አስቀድመው ነግረው በቦታው ያቁሙ፤ ደንበኞችም እንዳይደነግጡ ከጠርዙ አጠገብ የሚያረጋጋ ሰው ይኑር። ያላየውን ልጅ በሰው ፊት አይገሥጹት። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ነጸብራቅ ነበረ? ስንት ደቂቃ ተቀምጧል? ፎጣ እየሰጠ ነበር? እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ወደ ልጁ ይመለሱና በዓይን ልምምዱ ላይ አብረውት ይሥሩ፤ በሳምንት ውስጥ ሙከራውን ይድገሙት።

ከሰርተፍኬቱ በኋላ

በብሪታንያም በአሜሪካ ቀይ መስቀልም ብቃቱ የሚጸናው ለ2 ዓመት ነው፤ እርስዎም ከዚያ አያሳልፉት። በመካከሉ በየወሩ ሁለት ሰዓት ያህል ልምምድ ይኑር፤ ገንዳው ለደንበኛ ከመከፈቱ በፊት ባለው ማለዳ ቢሆን ይመቻል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዓለም የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ብሎ የሰየመው ጁላይ 25፣ በእኛ ሐምሌ 18፣ ልጆች ዕረፍት ላይ በሚሆኑበት ወቅት ይውላል። ዓመታዊውን ምዘና ከዚያ ቀደም ብለው ሰኔ ውስጥ ይጨርሱ።

መዝገብ ይክፈቱ። አንድ ገጽ ለእያንዳንዱ ላይፍጋርድ፤ የልምምድ ቀን፣ የዋና ጊዜ፣ አሻንጉሊቱን ያየበት ሰከንድ፣ የመዛኙ ፊርማ። በሌላ ገጽ ላይ ለጥቂት የተረፉትን አጋጣሚዎች ሁሉ ላይፍጋርዶቹ ራሳቸው ይጻፉ፤ ልጁ የት ነበር፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ማን ቀድሞ አየ። ለጻፈው ሰው ቅጣት አይኑር፤ ቅጣት ካለ ገጹ ባዶ ይሆናል። የሚቀጥለውን ወር ልምምድ ከዚያ ገጽ ላይ አውጥተው ያዘጋጁ፤ አደጋው ለጥቂት በተረፈበት ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያው ላይፍጋርድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ።